በመኸር ጊዜ የሚነፋ

ስሙኝማ። ሥራ እየሠራችሁ በአንድ ጆሮ ሳይሆን፣ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዘፈን ስሰማ ነው የኖርኩት። ዛሬ ተራው የኔ ነው።

አሶሳ ገበያው አጠገብ፣ ባጃጆቹ ከሚሰለፉበት ፊት ለፊት፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ዘፈን እጭናለሁ። ሚሞሪህን ወይ ፍላሽህን ታመጣለህ፣ የምትፈልገውን ትነግረኛለህ፣ እሞላልሃለሁ። ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተውኩ። እውነቱን ካወራን እሱ ነው የተወኝ። ቤታችን የሚወራው የበርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛውን ከአስተማሪ ይልቅ ከዘፋኝ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ስናደድ ግጥም ግጥም እያለ ቢወጣብኝ አትፍረዱብኝ።

ሰውን በሚያስጭነው ነገር አውቀዋለሁ። ከኩርሙክ የሚመጣው ሾፌር የሱዳን ዘፈን ሙላልኝ ይላል፤ ያ መንገድ ወገቡን ሲቆርጠው ዜማው ያሽለታል። ከባምባሲ የምትመጣው ልጅ ኦሮምኛ ትፈልጋለች። በደርግ ጊዜ በሠፈራ የመጡት ሽማግሌ ማሲንቆ ካልሰሙ እንቅልፍ የላቸውም። ጠዋት መዝሙር ያስጫነችው ሴትዮ ከሰዓት ባሏን ትልከዋለች፤ "ያንን የሠርግ ዘፈንም ጨምርበት፣ ግን ሌላ ፎልደር ውስጥ አርገው ብላለች" ይለኛል። እንዳይጣሉ! መንዙማ የሚያስጭነውም እንደዛው ነው፤ "ከዘፈኑ ጋር እንዳታቀላቅልብኝ" ብሎ ያስጠነቅቀኛል። ሚሞሪዋ ግን ጥፍር የምታክል፣ ያችው አንዷ ናት። አላህ ፎልደር እየከፈተ የሚያይ ይመስላቸዋል።

እስቅባቸው ነበር። አሁን አልስቅም። እነሱ ቢያንስ ሁለቱንም ይዘው ነው የሚሄዱት። እኔ አንዱን አስታክኬ ሌላውን የጣልኩ ሰው ነኝ።

ያሳደገኝ አጎቴ ነው፣ የእናቴ ወንድም። ከከተማው ወጣ ብላ፣ የማንጎው ዛፍ ከሰዉ በሚበዛባት መንደር ነው ቤታችን። አጎቴ ዙምባራ ይነፋ ነበር። ለማታውቁት፣ ዙምባራ ቅል በቅል ላይ ተገጣጥሞ የሚሠራ ጡሩምባ ነው። አንዱ ክንድ ያክላል፣ አንዱ የሰው ቁመት ይሆናል። አሁን ልብ በሉ። አንድ ዙምባራ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ! ብቻህን ይዘኸው ዘፈን ልንፋ ብትል ጎረቤት ጤናህን ይጠይቅሃል። አሥራ ሁለት ሰው ይሰለፋል፣ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ የራሱን አንዷን ድምፅ ጣል ያረጋል፣ ዘፈኑ ከሁሉም ተሰብስቦ ይወጣል። የአጎቴ ሰባተኛው ነበር። አንዲት "ቡ"። ዕድሜ ልኩን የነፋው እሷን ነው።

አንዴ፣ "አንድ ድምፅ ብቻ ስትነፋ አይሰለችህም?" አልኩት።

"ልብህ ስንት ድምፅ አላት?" አለኝ።

"ሁለት። ድም፣ ድም።"

"ሁለተኛዋ የጎረቤትህ ናት" ብሎ ሳቀብኝ።

አምስት ወቅት ሰላቱን የሚሰግድ ሰው ነበር። ጨዋታው ደምቆ፣ አቧራው ተነስቶ፣ ሴቶቹ እልል እያሉ አዛን ከተሰማ አሥራ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ዙምባራውን ማንጎው ሥር ያጋድማል፣ ይሰግዳል፣ ተመልሶ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለቱ ሲጣሉበት አይቼ አላውቅም። ፎልደር የሚባል ነገርም አያውቅም።

ከዛ ደረቱን አመመው። ሐኪሙ "ከእንግዲህ መንፋት የለም" አለው። የዛኑ ሳምንት ጠራኝና ዙምባራውን ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

"ሰባተኛው ያንተ ነው።"

"እሺ፣ ልሞክረው" ብዬ ጉንጬን ስነፋ እጄን ያዘኝ።

"መጮህማ አህያም ይጮኻል። አንተ መጀመሪያ ዝም ማለቱን ተማር።"

ወላሂ አንድ ወር ሙሉ ዝም ማለት አስተማረኝ። አርብ አርብ እየሄድኩ ማንጎው ሥር እንቀመጣለን። እሱ ሌሎቹን አሥራ አንዱን በአፉ ያዜማል፣ እኔ እግሬን እያነሳሁ እጠብቃለሁ። ስድስተኛው ሲነፋ ትንፋሽህን ያዝ፣ እግርህ መሬት ሲነካ ልቀቅ። ቀድሜ ከለቀቅኩ ጭኑን በጥፊ ይመታል። ዘግይቼ ከለቀቅኩ የኔን ጭን ይመታል። በኋላ ገባኝ። ገብቶኝ ነው የተውኩት፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ያልገባው ሰው ቢተው ምን ይባላል?

መኸር ሲቃረብ ከተማ ያሉ ጓደኞቼ ጀመሩኝ። "ላፕቶፕ ጥለህ ቅል ልትነፋ ነው?" "ስፒከር ያለህ ሰው በአፍህ ምን አለፋህ?" ሱቄ በር ላይ ደረቴን የምታክል ስፒከር አለችኝ፤ መንገዱ በሙሉ የሚሰማው እኔ የመረጥኩትን ነው። ከዛ ሰልፍ መሃል ገብቼ አቧራ ላይ እየረገጥኩ አንዲት "ቡ" ስል በስልክ ቢቀርጹኝስ ብዬ አፈርኩ። እውነቱ ይሄው ነው፣ አፈርኩ።

ማፈሬን ለአጎቴ እንዴት ልንገረው? አንድ ጁምዓ መስጊድ ውስጥ ያለው ወጣት ኡስታዝ ስለ ጨዋታ ተናገረ። "ከሰላታችሁ የሚያዘናጋችሁ ከሆነ ተዉት" አለ። ከዛ ሁሉ ንግግር "ተዉት" የምትለዋን ብቻ ቆርጬ ወሰድኩ። መቁረጥ ሥራዬ አይደል! ደወልኩለት።

"አጎቴ፣ ኡስታዙ ዙምባራ ሐራም ነው ብሏል። አልመጣም።"

ትንፋሹ ሲያፏጭ በስልክ ይሰማኛል።

"ዘፈን መጫኑስ?" አለኝ።

"እሱ ሥራ ነው።"

"እሺ" አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የመኸሩ ቀን ሱቅ ቁጭ ብዬ ስፒከሯን እስከ ጥግ ከፍቼ ዋልኩ።

ዝናቡ ሳይመለስ አጎቴ ሞተ።

አርባው እንዳለፈ ከባህል ቢሮ ሰዎች መጡ። መኪናቸው ላይ ሎጎ፣ አንገታቸው ላይ ባጅ። ቅርስ እየሰበሰቡ እንደሆነ ነገሩን። "ለትውልድ እንዲተላለፍ" አለ ዋናው ሰውዬ። "ወራሹ ማነው?" ሲል "እኔ ነኝ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ደረት መንፋቱ ላይ ማን ብሎኝ! ወረቀት ሰጡኝ፣ ፈረምኩ። ዙምባራውን ሳስረክባቸው ፎቶ አነሱኝ፣ የበዓል ቲሸርት አለበሱኝ። እስቲ አስቡት፣ ትውልዱ እኮ እኔ ነበርኩ! ከኔ ተቀብለው ለማን ነው የሚያስተላልፉት?

ስድስተኛውን የሚነፋው ሽማግሌ ጎረቤታችን ከአጥሩ ጋ ቆሞ ያይ ነበር። "ልጄ፣ ማን ሊነፋው ነው?" አለኝ።

"አይነፋም አባባ፣ ይከበራል" አልኩት። እንደዚህ ነው ያልኩት፣ በዚህ በአፌ።

በቅርቡ ነው እንግዲህ። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር መንደራችን ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ መምህር ሱቄ መጡ። ደገኛ ናቸው፣ ተመድበው ነው የመጡት፣ ጨዋ ሰው።

"የኔ ወንድም፣ ይሄ አምና የቀረጽኩት ቪዲዮ ተቆራረጠብኝ" አሉ። "አገር ቤት ላሉት ልጆቼ ልልክላቸው ፈልጌ ነበር። ድምፁ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ስልኬ ሳይሆን አይቀርም። ይስተካከላል?"

"ያምጡት መምህር፣ እኛ ጋ የማይስተካከል ነገር የለም።" ሁሌ የምለው ነው።

ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። የኛ ማንጎ ነው። ያ እኔ የቀረሁበት የአምናው መኸር ነው። አንደኛው ነፋ፣ ሁለተኛው፣ እያለ ስድስተኛው ደረሰ። ከዛ ባዶ። ስምንተኛው ቀጠለ። ዙሩ ተመልሶ መጣ፣ ስድስተኛው ነፋ፣ ደግሞ ባዶ። በየዙሩ፣ እዛው ቦታ ላይ። ሰልፉን ሳየው አሥራ አንድ ሰው ነው። ስድስተኛውና ስምንተኛው መሃል አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ተትቷል። እዛ ቦታ ላይ አቧራው እንኳ አልተነሳም።

መምህሩ ስልካቸውን ወደ ጎን አዙረዋል። አጎቴ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ በዛ ሙቀት ጋቢ ደርቧል። ስድስተኛው ሲነፋ ጉንጩ ይሞላል፣ እግሩ ይነሳል። ባዶዋ ስትመጣ ጭኑን በጥፊ ይመታል። የኔን አይደለም፣ የራሱን። በየዙሩ። እንደዚህ አርጎ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አደረሰው።

"አየኸው?" አሉ መምህሩ በጣታቸው እያሳዩኝ። "እዚህ ጋ ነው የሚቆረጠው።"

"ስልክዎ ደህና ነው።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"ሰው ነው የቀረው።"

"ማን ነው የቀረው?"

"አንድ ባለጌ" አልኩ። ሳቁ፣ የቀለድኩ መስሏቸው።

"ነገ ይምጡ" ብዬ ሸኘኋቸውና ሞከርኩት፣ እብድ ስለሆንኩ። ባዶዋን ቆርጬ ስገጥመው ዘፈኑ ከእግራቸው ቀደመ፤ ሁሉም የሚደናቀፉ መሰሉ። ስድስተኛውን ገልብጬ ባዶዋ ላይ ስለጥፈው ሽማግሌው ብቻውን የሚያወራ ሰው ሆነ። ሱቄ ውስጥ የስንት አገር ዘፈን አለ፣ ያቺ አንዲት "ቡ" ግን የለችም። ለመምህሩ እንዳለ መለስኩላቸው። ልጆቻቸው አሁን እኔ የጎደልኩበትን ዘፈን ይሰማሉ፤ ስልክ ነው የተበላሸው እያሉ።

ኡስታዙን መንገድ ላይ አገኘሁትና ተነጫነጭኩበት። "እኔ መቼ ነው ሐራም ነው ያልኩህ?" አለኝ። "አጎትህ እኮ ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሰላት፣ ከኔ ቀድሞ መስጊድ የሚደርስ ሰው ነበር። ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?" ይፈቅድልኛል ብዬ ፈርቼ ነው ያልጠየቅኩት።

ሽማግሌው ጋ ሄድኩ። "ዘንድሮ ልንፋ" አልኩት።

"በምን?"

"ሌላ ቅል እንሥራ።"

"ቅልማ ሞልቷል። ቅሉን እየቆረጠ ያቺን ድምፅ ያገኛት ሰው ነው የሌለው። የሰጠኸውን አምጣና ና። ቦታህ ላይ ማንም አልቆመም።"

እንግዲህ ቢሮው ጋ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ዙምባራው መስታወት ሳጥን ውስጥ ተጋድሟል፣ ከታች ቀይ ጨርቅ ተነጥፎለታል፣ "መንካት ክልክል ነው" ይላል። ያ የፈረምኩለት ሰውዬ ወጣ።

"ለመኸሩ ብቻ ስጡኝ፣ እመልሳለሁ" አልኩት።

"ፈርመህ አስረክበሃል እኮ፣ ወንድሜ። አሁን የሕዝብ ነው።"

"ሕዝቡ ነው የላከኝ።"

"ከሆነ በደብዳቤ ይምጣ።"

በሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ የፈረሙበትን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ነው ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ስብሰባው አላለቀም፣ ቁልፉ ደግሞ እሱ ጋ ነው። "እሺ ሳጥኑን ብቻ ክፈቱልኝ፣ እዚሁ ቆሜ አንዴ ልንፋው" አልኩ። "ቢሮ ውስጥ?" ብሎ ያው ሰውዬ ሳቀ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር የባህል ዘፈን ይዘፍናል። እኔ የጫንኩት ነው፣ ፎልደሩን አወቅኩት።

የኔን ጥፋት ተናግሬያለሁ። አፈርኩ፣ ዋሸሁ፣ ቀረሁ፣ ፈረምኩ። አጎቴን ይቅርታ የምልበት ቦታ የለኝም፤ ያለኝ ቦታ ያቺ አንድ ሰው የምታስቆም ክፍት ቦታ ብቻ ናት። እግሬን ሱቅ ውስጥ እያነሳሁ እየለመድኩ ነው፣ ደንበኛ ያየኛል፣ ይየኝ። ስድስተኛው ሲነፋ ትንፋሼን መያዝ አልረሳሁም።

ቁልፉን የያዛችሁ ሰዎች፣ አሁን እናንተ ተናገሩ። ሳጥኑ ላይ ወረቀት ለጥፋችኋል፣ በእጄ ባልነካውም በዓይኔ አንብቤዋለሁ፦ "ዙምባራ፣ የበርታ ብሔረሰብ የትንፋሽ መሣሪያ፣ በመኸር ጊዜ የሚነፋ" ይላል። የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። ማሽላው ደርሷል፣ አሥራ አንዱ ሰዎች ተዘጋጅተዋል። በማን አፍ ነው የሚነፋው?