ጣትማ ማንም ያየዋል
ከእናቴ ጋር እስራኤል፣ ክርያት ያም ከተማ ሜዳ ዳር ተቀምጬ ቤዝቦል ሳይ፣ ተቀባይዋ ልጅ ክንዷ ላይ ያሰረችውን መሣሪያ ቁልፍ ተጭና፣ ምን ዓይነት ኳስ እንደምትወረውር ለወርዋሪዋ በጆሮዋ አሰማቻት። ሳቄ መጣ።

በልጅነታችን ሃይፋ ስንጫወት እኔ ወርዋሪ፣ እህቴ ተቀባይ ነበርን። የኳሱን ዓይነት በጣቷ ታሳየኝ ነበር። አንድ ቀን ከኋላዬ የቆመች ተጋጣሚ የእህቴን ጣት እያየች ለመቺዋ ስለጠቆመች፣ የወረወርኩት ሁሉ ተመታ። እናቴ ከአጥሩ ማዶ ጠራችን።

«ሰው ቤት ‹ምግቡን እንዳትነኩ› የምላችሁ በጣቴ ነው?»

«በዓይንሽ ነው» አልን።

«ታዲያ! ጣትማ ማንም ያየዋል።»

ከዚያ ወዲያ ጣት ቀረ። ቅንድቤን ሳነሳ ፈጣን፣ ወደ ጎን ስመለከት ጠማማ ኳስ እንደሚመጣ እህቴ ታውቅ ነበር። መቺዎቹ ፊቴ ላይ ቢያፈጡም ምንም አልገባቸውም።

የክርያት ያሙ ጨዋታ ሲያልቅ አጠገባችን የነበረች ሴት ብስኩት ዘረጋችልኝ። እጄን ልሰድ ስል የእናቴን ዓይን አየሁ።

«ቶዳ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ በዕብራይስጥ አመስግኜ፣ በአርባ ዓመቴ።