መሪጌታ የመረጡልኝ ቤዝ ጊታር

ቤዝ ጊታሬ ትከሻዬን ሊገነጥለው ደረሰ። አሮጌውን ሰጥቼ ቀለል ባለ ልቀይረው ብዬ ደብረ ማርቆስ አንድ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ያሉትን አዳዲሶች እያነገትኩ ሞከርኳቸው፤ አንዱ ይከብዳል፣ የሌላው ድምፅ ይቀጥናል።

የቤተ ክርስቲያናቸውን ማይክ ሊያስጠግኑ የመጡ አንድ አዛውንት መሪጌታ ጥግ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና፣ “ልጄ፣ ጉልበትህ ላይ አውርደኸው እንዴት ይመችሃል? እኔ ከበሮዬን እንዲህ ባንጠለጥለው ማኅሌቱ ሳያልቅ ወገቤ በተቆረጠ ነበር። በል፣ ና ዓይንህን ጨፍን” አሉኝ።

ባለ ሱቁን አፈርኩት፤ ግን መሪጌታን እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ነጠላቸውን አጣጥፈው ትከሻዬ ላይ አደረጉ። ከዚያ የጊታሮቹን ማንገቻ እያሳጠሩ በየተራ ደረቴ ሥር ሰቀሉልኝ። መጨረሻ ላይ ያነገቱኝ ክብደቱ ጭራሽ አልተሰማኝም። ክሩን ስመታው ድምፁ ከራሴ ሆድ የሚወጣ መሰለኝ፤ ወፍራም ሆኖ ጥርት ያለ።

“በቃ፣ የምገዛው ይኼን ነው” አልኩ ዓይኔን እንደጨፈንኩ።

“እሱንማ ምኑን እሸጥልሃለሁ” አለ ባለ ሱቁ ቅር ብሎት።

ዓይኔን ገለጥኩ። ደረቴ ላይ ያለው ልቀይረው ያመጣሁት አሮጌው ጊታሬ ነበር።