የሰልፉ አለቃ

በ1988 ዓ.ም. ላምበረት ላይ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ የምንጠብቅ ሰዎች አለቃ ነበረን። ማንም አልሾመውም። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ ቡናማ ኮቱን ፀሐይ ቢሆንም እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ሰልፉ ሲጣመም አጨብጭቦ "እጅ ትከሻ ላይ" ይላል። ደላላውም፣ ነርሷም፣ ድሮ ወታደር የነበረው ዘበኛም እያጉረመረሙ እጃቸውን ከፊታቸው በቆመው ሰው ትከሻ ላይ ያሳርፋሉ።

አውቶቡሱ ሲመጣ በሩ ሥር ቆሞ አሮጊቶችን ያስቀድማል፣ ዘንቢል ያቀብላል፣ የሚጋፋውን በዓይኑ ይመልሳል። እሱ የሚገባው መጨረሻ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ቦታ የለም።

አንድ ቀን ጨርቅ ነጋዴዋ ሸይማ አላስችል አላት።

"ጋሼ፣ እርስዎ ሥራ የለዎትም እንዴ?"

"አለኝ እንጂ። ትናንት እንኳ ስላረፈድኩ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ።"

"ታዲያ ዛሬ ቀድመው አይገቡም?"

"ትንሽ የሚስዮን ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፤ የክፍል አለቃ ነበርኩ። አለቃ ሁሉንም አስገብቶ ነው የሚገባው።"

"ስንት ነበራችሁ?"

ትንሽ አሰበ። "አሥራ አንድ።"

ሸይማ ከኋላዋ ወደተሰለፈው መንደር ሙሉ ሰው ዞር ብላ አየች፤ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ያን ቀንም ተጠቅጥቀን ገባንና በሩ እሱ ላይ ተዘጋ። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት አየሁት። ፌርማታው ላይ ብቻውን ቀርቷል። እንዲያም ሆኖ፣ ለሚመጣው ሰው ከፊቱ ቦታ ትቶ ተሰልፏል።