የጉጉቷ ጣት

ትናንት ደብረ ማርቆስ ዶሮ ተራ ሳልፍ የእርጥብ ላባ ሽታ ልጅነቴን አስታወሰኝ።

አምበር ከተማ ሳለን እኔና ታናሽ እህቴ ክንፏ የተጎዳ ጉጉት አግኝተን፣ በነጠላ ጠቅልለን ቤት አስገባናት። ጉጉቷ የእህቴን እጅ ጨምድዳ ያዘች። እህቴ ስትጮኽ ደንግጬ የወፏን ጣቶች በኃይል ልፈለቅቃቸው ስታገል አንዱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ጩኸቱን የሰሙት ሽማግሌው ጎረቤታችን፣ አያ ደሴ፣ ሮጠው ገቡ።

«አይ ልጄ! እግሯ ሲታጠፍ እኮ ጣቷ በራሱ ይቆለፋል። እግሯን ቀስ አድርገሽ ብትዘረጊው ይለቅ ነበር» አሉና ዘረጉት። የቀሩት ጣቶች ወዲያው ተከፈቱ።

«ትድናለች?» አልኋቸው።

«ክንፏስ ይድን ይሆናል። በዚህ እግሯ ግን እንዴት አድርጋ አይጥ ታድናለች?»

እህቴ ዛሬም ለልጆቿ፣ «ያኔ ከጉጉቷ ያዳነችኝ አክስታችሁ ናት» እያለች ታወራለች።