ጎፈር የሌለው ኳርተር

ባለፈው ቅዳሜ አስፐን ሂል፣ ወንድሜ ናቲ ቤት፣ ሳህኑ ላይ አንድ ሳምቡሳ ቀረ። እኔም ትንሿ ልጁም ዓይናችንን ጣልንበት። ናቲ ከኪሱ ኳርተር፣ የሩብ ዶላር ሳንቲም፣ አወጣና በአውራ ጣቱ ወደ ላይ አጎነው።

"ዘውድ ወይስ ጎፈር?" አላት ልጁን።

"ጎፈር" አለች፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ።

ሳንቲሙ አየር ላይ ሳለ እኔ በሐሳብ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነበርኩ፤ የድሮው አፓርታማችን ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ናቲ አሥር። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ በልጅነቴ የመጣሁ፣ እሱ እዚሁ የተወለደ። አባታችን ታክሲ እየነዳ ከኋላ ተገጭቶ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ሥራም ወሬም አቁሟል። መጋረጃ ዘግቶ ሶፋው ላይ ይውላል፤ አፉን የሚከፍተው ለመቆጣት ነው። እማዬ ቻለችው፣ ቻለችው፣ በመጨረሻ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤዝመንት ውስጥ ክፍል ተከራየች። አከራይዋ ከአንድ ልጅ በላይ አልቀበልም አለች። እማዬ ወጥ ቤት አስቀመጠችንና ሰፋ ያለ ቤት እስካገኝ አንዳችሁ ከእኔ ጋር ኑ፣ አንዳችሁ ከአባታችሁ ጋር ቆዩ፣ እኔ መምረጥ አልችልም፣ ተነጋገሩ አለችን። ከዚያ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ቅጠል የሚረግፍበት ሰሞን ነበር። ልብሱን ይዘን ወረድን። ክፍሉ የሳሙናና የትኩስ ፎጣ ሽታ ነበረው። ቀዝቃዛ ፒዛ ላይ ሚጥሚጣ ነስንሰን ማሽኑ ላይ ተቀምጠን በላን። ሁለታችንም ከእማዬ ጋር መሄድ እንፈልጋለን፤ ሁለታችንም አልተናገርነውም። እኔ ግጥም መሞከር ጀምሬ ነበር፤ በዚያ በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን አንድ መስመር እንኳ አይመጣልኝም። እዚያ ብቀር የምታፈን ይመስለኝ ነበር።

ለማሽኑ ከያዝነው ሳንቲም አንዱን አነሳሁ። "ዘውድ ወይስ ጎፈር እንበል። ያሸነፈ ከእማዬ ጋር ይሄዳል። እኔ ጎፈር" አልኩት። ሳንቲሙን ወደ ላይ አጎንኩት።

እኛ አገር ጎፈር የሚባለው የአንበሳው ራስ ያለበት ወገን ነው። በሌላው ወገን የነበረው የንጉሡ ራስ እኔ ሳልወለድ ከሳንቲሙ ላይ ተነስቷል፤ እኛ ልጆች ግን ያንን ወገን ዘውድ ማለታችንን አልተውንም።

ኳርተሩ ሲሚንቶው ላይ ተንከባሎ ወደቀ። የፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ራስ ወደ ላይ።

"ዘውድ ነው። አንተ ሂድ" አልኩት።

ናቲ ጎንበስ ብሎ አየው። "ዘውዱ የታለ? ሰውዬው ክራውን አላደረገም። ሉክ፣ ፀጉሩን እዪው፣ ማጅራቱ ላይ አስሮታል። ጎፈር ይሄ ነው።"

ገለበጥኩት። ያኔ በየኳርተሩ ጀርባ የአንድ ስቴት ሥዕል ይወጣ ነበር፤ የእኛው የቨርጂኒያ ሆነና ሦስት መርከቦች ታትመውበታል። አንበሳ የለም፣ እንደ ድሮው ኳርተር ንስር እንኳ የለም።

"መርከብ ጎፈር የለውም" አለ ናቲ። "ዊን ያደረግሽው አንቺ ነሽ፣ ሚሚ።"

እንደዚያ አይደለም፣ ራስ ዘውድ ነው ብዬ ልከራከር ስል ሳንቲሙን ከእጄ ወስዶ ማሽኑ ውስጥ ከተተው። ውሃው መውረድ ጀመረ። አማርኛ በቅጡ የማያውቅ ልጅ ነው፣ ከልቡ ነው ያመነው ብዬ ተውኩት።

በሳምንቱ እኔና እማዬ ቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን፣ ይዘን የወንዙን ድልድይ ተሻገርን። ሰፊው ቤት ሳይገኝ ዓመታት አለፉ። እሁድ እሁድ ስሄድ ናቲን ለአባዬ ፓስታ ሲቀቅል፣ መጋረጃውን በጥቂቱ ገልጦ የቤት ሥራውን ሲሠራ አገኘዋለሁ። አማርኛው እየጠራ፣ ሳቁ እያነሰ ሄደ። ዘውድና ጎፈርንም በእነዚያ ዓመታት የለየ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ሳንቲሙ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ዋሽንግተን ወደ ላይ።

"ዊን አደረግኩ?" አለች ልጅቷ።

"ኖ፣ ማማዬ። ጭንቅላቱ ዘውድ ነው። ሳምቡሳው የአክስትሽ ነው።"

ማን እንዳስተማረው ጠየቅኩት።

"ዳዲ ነዋ" አለ። "ታክሲ ይነዳ በነበረ ጊዜ። ሪሞቱን ማን እንደሚይዝ በኳርተር ነበር የምንወስነው።"

ታክሲ ይነዳ በነበረ ጊዜ። ከሶፋው በፊት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል በፊት።

ሳንቲም መረጠልኝ እያልኩ የኖርኩትን ዕድሜ የመረጠልኝ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት። ናቲ ግን ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

"ብዪ እንጂ" አለኝ፣ "ይቀዘቅዛል።"