የነነዌ ሰኞ ብስኩት

ወለተሩፋኤል መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ነበረች። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ያሉ ጎረቤቶቿ «እሷ እኮ ብትሞት እንኳ ከቃሬዛው ወርዳ መንገዱን ትጠርጋለች» እያሉ ያሟታል። ሐሜቱም ሐሰት አልነበረውም። እንግዳ ተቀምጦ ሲያጫውታት እጇ አንድ ነገር ይወለውላል፣ ዓይኗ ምድጃው ላይ ነው። በ1945 ዓ.ም. ጥር ላይ ግን መቁነጥነጧ ልክ አጣ፤ አባቷ ቤቷ ሊመጡ ነበርና።

«አባት ልጁ ቤት ቢመጣ ምን ይደንቃል?» የሚል ሰው መሪጌታ ወልደኢየሱስን አያውቃቸውም። እኒህ የአጣጣሚ ሚካኤል መሪጌታ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚች ልጃቸው እጅ እህል አልቀመሱም። ነገሩ የመጣው በጠላት ዘመን ነው። እሳቸው ከአርበኞች ጋር አርማጭሆ ሲንከራተቱ እናቷ ታመሙ፣ ጓዳው ባዶ ቀረ። ያን ጊዜ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የነበረችው ወለተሩፋኤል ከአንዲት ጣሊያን ወይዘሮ ማድ ቤት ገባች። ሽንኩርት ከመላጥ ጀምራ ብስኩት መጋገር፣ ብስኩቱንም ነጭ የስኳር ቅብ ማልበስ ተማረች። በደመወዟም እናቷን አስታመመች። ጠላት ወጥቶ አባት ሲመለሱ ይህን ሰሙ። አልጮኹም፣ አልገዘቱም። ያቀረበችላቸውን ገበታ በእጃቸው ጀርባ ገፋ አድርገው «ከጠላት ምድጃ የተማረ እጅ እኔን አያጎርሰኝም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ማንም አላነሣውም።

እሷ ግን ያንኑ ሙያ ይዛ ትዳር አቆመችበት። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የብረት ምድጃ ገዛች። ቢያዝን የሚባል የጭነት ማኪና ነጂ አገባች። ሠርግ ያለው፣ ክርስትና ያለው ሁሉ ብስኩት የሚያዘው ከሷ ሆነ። ሰው የሚወድላት ጣፋጭነቱን ብቻ አልነበረም፤ በቅቡ ላይ የምትሥለውን ነው። ልጅ ሳለች አባቷ ብራና ሲጽፉ አጠገባቸው ቁጭ ትል ነበር፤ በሕይወቷ ቁጭ ያለችው ያኔ ብቻ ነው ይባላል። በገጹ ራስ ላይ ቀለሙ እየተጠማዘዘ፣ አንዱ መስመር በሌላው ሥር እየሾለከ ሲተሳሰር ታይ ነበር። ያንን ሐረግ ነው በስኳር የምትሥለው። መስቀል ግን አትሥልም፤ «መስቀል ይሳለሙታል እንጂ አይቆረጥሙትም» ትላለች።

እናቷ ባለፈው ክረምት ሲያርፉ ለባላቸው የተዉት ቃል አንድ ነበር፤ «የልጄን ነገር አደራ»። አደራ ደግሞ የተማረ ሰው ላይ ይከብዳል። ለጥምቀት፣ ጥር ዐሥራ አንድ ሰኞ፣ ከፋሲል መዋኛ ዳር ልጅቱ ቀርባ ጉልበታቸውን ብትስም መሪጌታ ወደ ውኃው እያዩ፣ «የዛሬ ሳምንት ከቅዳሴ በኋላ ቤትሽ እመጣለሁ» አሏት።

ጆሮዋን ማመን አቃታት። ይቀምሱ እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ምን ብላ ትጠይቅ? ቤቷ ከመጡ ግን ከእጇ ሳይበሉ አይወጡም ብላ ቆረጠች። ሳምንቱን ግድግዳ ስትለቀልቅ፣ ስትጠርግ፣ የጠረገችውን መልሳ ስትጠርግ ከረመች። ባሏ ሰሊጥ ሊጭን ሳንጃ ወርዶ ነበርና አረፍ በይ የሚላት ሰው አልነበረም። እሑድም ቤተ ክርስቲያን ሳትስም ቀረች። በቅቤ የለሰለሰ ስልሳ ብስኩት ጋገረች። ስኳሩን በሙቀጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ወቀጠችና በሻሽ ነፋችው። የእንቁላሉን ነጭ ከአስኳሉ ለይታ በሹካ መታችው፤ ስኳሩን በጥቂት በጥቂቱ፣ ሎሚውን ጠብ ጠብ አደረገችበት። ያቺ ወይዘሮ «ሹካውን ስታነሺው ቀጥ ብሎ ካልቆመ አልደረሰም» ትላት ነበር። ሲደርስላት ወረቀት እንደ ጥሩምባ ጠቅልላ፣ ጫፉን በመቀስ ቆንጥራ ሐረጉን በስልሳውም ላይ ጻፈችው። ክንዷ ዝሎ፣ ልቧ ሞቆ አደረች።

ሰኞ ጧት ጎረቤቷ ይመኙሽ እሳት ልትጭር መጣች። ሰፌዱን ገለጥ አድርጋ አየችና አፏን ያዘች።

«ሸጋ ነው! ለመቼ ነው?»

«ለዛሬ ነዋ። የኔታ ይመጣሉ።» አባቷን የምትጠራቸው እንደ ተማሪዎቻቸው ነው።

«ምነው ወለተሩፋኤል? ዛሬ እኮ ነነዌ ገባ! ትናንት ቄሱ ሲናገሩ የት ነበርሽ?»

የት ነበረች? እንቁላል ስትመታ ነበረች። ነነዌ በየዓመቱ ቦታው ይለዋወጣል፤ አምና የካቲት ላይ ነበር፣ ዘንድሮ ጥምቀት በወጣ በሳምንቱ ዱብ አለ። ይህን የሚያሰላው ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ጎንደር ላይ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩት ደግሞ አባቷ ናቸው። የእሳቸው ልጅ በቅቤና በእንቁላል ለነነዌ ደገሰች! እፍረቱ ከእግሯ እስከ ራሷ ወረራት።

ቀጥሎ የመጣባት ሐሳብ ግን ከእፍረቱ የባሰ ነበር። እሷ ብትረሳ የኔታ ይረሳሉ? የየዓመቱን ጾም ለሕዝቡ የሚያውጁት እሳቸው አይደሉም? ደግሞስ በሰኞ ቀን «ከቅዳሴ በኋላ» ያሉት የምኑን ቅዳሴ ኖሯል! አውቀው ነው። አደራውንም ልወጣ፣ አፌንም ልጠብቅ ብለው፣ ጾሙን ጋሻ አድርገው ነው የሚመጡት። ወለተሩፋኤል ሙቀጫው ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ተናዳም አለቀሰች።

«ተይው፣ ቡና አፍልተሽ ሸኛቸው» አለች ይመኙሽ።

«አልሸኝም! ጾም ያሉት የጾም ይቀርብላቸዋል» ብላ ብድግ አለች።

ቅዳሴው በዘጠኝ ሰዓት ነው የሚወጣው። ብስኩቱስ አላስቸገረም፤ ቢያዝን ያመጣው የሰሊጥ ዘይት ነበረ፣ በቅቤው ፈንታ በእሱ አዲስ ሊጥ ለውሳ ጋገረች። ጭንቁ ቅቡ ነው። እንቁላል የሌለው ቅብ ስኳርና ውኃ ነው፤ ይፈሳል እንጂ አይጻፍበትም። በቤቱ ውስጥ አሥር ጊዜ ተመላለሰች። የሚዝለገለግ የጾም ነገር ምን አለ? ተልባ! ቆላችው፣ ወቀጠችው፣ በጥብጣ ከስኳሩ ጋር መታችው። እንደ ጭቃ ጠቆረ፣ ወረቀቱንም ደፈነው። ሦስት ብርጭቆ ስኳር ገደል ገባ። ቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል።

«ለመጠጥ የሚሆነውን ነው እኮ የሠራሽው» አለች ይመኙሽ፣ ሥራ ፈትታ ከበሩ ሳትርቅ። «ለመጠጥ ይቆላል። አንቺ የምትፈልጊው ልጋጉን ብቻ አይደል?»

ወለተሩፋኤል ዞራ አቀፈቻት። ጥሬውን ተልባ ሳትወቅጥ እንዳለ ቀቀለችው፤ ውኃው ልክ እንደ እንቁላል ነጭ ተዝለገለገ። ትኩሱን በሻሽ ስታጠልል መዳፏ ተላጠ፤ ከቁብም አልቆጠረችው። አቀዘቀዘችና ሎሚ ጠብ አድርጋ መታች። ግራ እጇ ሲዝል በቀኟ፣ ቀኟ ሲዝል በግራዋ መታች። ነጣ። ሹካው ላይ ቀጥ ብሎ ባይቆምም አልፈሰሰም። ሐረጉን የጻፈችው በሚንቀጠቀጥ እጅ ነው። ከዚያ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ ንብ መጣ፤ ንቡን በነጠላዋ ጫፍ ስታባርር መሪጌታ ወልደኢየሱስ መቋሚያቸውን ይዘው በበሩ ገቡ።

ተቀመጡ። ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት። እሷ ሰፌዱን ይዛ ቆመች።

«የኔታ፣ ይቅመሱ።»

«ጾም ነው።»

«ቅዳሴው ወጥቷል።»

«ቅቤ አለበት።»

«የሰሊጥ ዘይት ነው።»

ወደ ሰፌዱ ጎንበስ አሉ። «ነጩስ? ነጩ እንቁላል ነው። በእንቁላል እንደምትሠሪው ሰምቻለሁ» አሉ።

ሰምቻለሁ! እንግዲያ በዚህ ሁሉ ዓመት ሥራዋን ሲጠይቁ ኖረዋል ማለት ነው።

«ተልባ ነው።»

«ተልባ?»

«ተልባ። ቀቅዬ፣ አጥልዬ የመታሁት።»

አንዱን አንሥተው አሸተቱት። በተማሪነታቸው ስንት ክረምት በተልባ የከረሙ ሰው ናቸው፤ ሽታው አይጠፋቸውም። ወለተሩፋኤል ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«ዛሬን የመረጡት ላይበሉልኝ ነው። ነነዌ መሆኑን አጡት ልበል?»

«አላጣሁትም» አሉ መሪጌታ። ብስኩቱን አገላበጡት። «ዛሬ ዮናስ ሲነበብ ቆሜ ነበር። እግዜር ከተማዪቱን ቢምር ነቢዩ አኮረፈ ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ ለተማሪ ተረጐምሁት...» አሉና አልጨረሱትም።

ብስኩቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡት። ዓይናቸው ደክሟል፤ በጣታቸው ጫፍ መስመሩን ተከተሉት።

«ይህ ሐረግ የኔ ነው።»

«የእርስዎ ነው።»

«እዚህ ላይ ተበጥሷል።»

«እጄ ተንቀጥቅጦ ነው፣ የኔታ።»

«ቁጭ ብለሽ ብትሥይው አይበጠስም ነበር» አሉና፣ የተበጠሰውን ጥግ ቆረጠም አደረጉት።

ወለተሩፋኤል መሬቱ ላይ፣ እፊታቸው ቁጭ አለች። ቀስ ብለው እያላመጡ ጨረሱት። ፍርፋሪውን ከጋቢያቸው ላይ ለቅመው እሱንም በሉ። ሁለተኛውን አነሡ። ሲበሉ ስታይ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም፤ ምድጃውንም ዞራ አላየችውም።

በመጨረሻ ዓይናቸው ጥግ ላይ የተከደነ ሌላ ሰፌድ ላይ ዐረፈ።

«ያስ ምንድን ነው?»

«የቅቤና የእንቁላሉ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «ነነዌ መግባቱን ሳላውቅ...»

«የመሪጌታ ወልደኢየሱስ ልጅ!» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸውን ከሰማችው ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከዚያ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ እንደሚያደርጉት የቀኝ እጃቸውን ጣቶች ዘርግተው በአውራ ጣታቸው መንካት ጀመሩ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። አራተኛው ላይ ቆሙ።

«ሐሙስ አስተርእዮ ማርያም ናት» አሉ፣ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው እየተነሡ። «ጾም የለም። ያንን ሳትነኪ አቆዪው፤ እመጣለሁ።»