እህቴ ዝም ያለችባቸው ወራት

ጣሊያን ከተማውን ያቃጠለ ሰሞን እኔና አባቴ አስኮ፣ አክስቴ ዘንድ ነበርን። ኮልፌ ቤታችን የቀሩት እናቴና ታናሽ እህቴ ብቻ ናቸው። መንገዱ ተዘግቶብን ቆይተን ስንመለስ ከሰፈራችን ጎጆ ብዙው ዐመድ ሆኗል፤ የእኛው እንዴት እንደተረፈ እንጃ፣ ቆሟል። እናቴን ጎረቤቶች ወንዙ አጠገብ ወድቃ አግኝተው፣ ያለ ለቅሶ በችኮላ ቀብረዋታል። እህቴን ያገኘናት ከጎተራው ጀርባ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነው። አባቴ ሲጠራት ቀና ብላ አየችው እንጂ አልመለሰችለትም።

ገና ሕፃን ናት። ከዚያ በፊት ከዶሮ ጋር እንኳ ስታወራ የምትውል ልጅ ነበረች። አባቴ መርዶውን ሊነግራት አቅም አጣና «እናትሽ አገር ቤት ሄዳለች፣ ትመጣለች» አላት። ሁላችንም እንደዚያው አልናት።

እህቴ ትበላለች፣ የታዘዘችውን ትሠራለች፤ ድምፅ ግን የላትም። እኔን የሚያስፈራኝ ኮቴዋ እንኳ አለመሰማቱ ነበር። ዞር ስል ከኋላዬ ቆማ አገኛታለሁ። ጣሳ ስታስቀምጥ እንኳ እንዳይሰማ ቀስ አድርጋ ነው። ቤታችን ውስጥ የሞተችው እናቴ ሳትሆን እሷ ትመስለኝ ጀመር።

ሰዉ ልክፍት ነው አለ። አባቴ ጠበል ወሰዳት፤ ቀዝቃዛው ውሃ ሲወርድባት ተንቀጠቀጠች፣ አልጮኸችም። ቀጥሎ አንድ ወጌሻ ድንጋጤው ምላሷን አስሮታል ብሎ መጣ። ልትረዳን ከአስኮ የመጣችው አክስቴ ጭንቅላቷን ይዛለት የምላሷን ሥር በምላጭ በጣ አደረገው። እህቴ እንደለቀቋት አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ደሙ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል፤ ትንፋሿ ግን አይሰማም። ወጌሻው ቁስሉ ሲሽር ጠለቅ አድርጌ እደግመዋለሁ ብሎ ሄደ።

አክስቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ እህቴን ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን እየሠራች በቀስታ ትጠይቃት ጀመር። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«አፍሽን የያዝሽው ድምፅሽ እንዳይወጣ ነው?»

እህቴ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ዝም በይ ያለሽ አባትሽ ነው? አለቻት። አይደለም። ወታደሮቹ ናቸው? አይደሉም።

«እናትሽ ናት?»

ነቀነቀች።

«እስከ መቼ ድረስ አለችሽ?»

እህቴ ወደ መግቢያችን፣ ወደ አጥሩ በር አመለከተች። አክስቴ እየጠየቀች እንዳወጣጣችው፣ እናቴ አባቴን ልትፈልግ ስትወጣ ተመልሼ እስክመጣ ትንፍሽ እንዳትዪ ብላ ደብቃት ኖሯል።

አክስቴ ተነሥታ ወደ አባቴ ገባች። አባቴ ለዚህች ሕፃን መርዶ አይነገርም ብሎ ተከራከረ። አክስቴ ታላቁ ናት፤ እንዲህ ስትቆጣው አይቼ አላውቅም።

«ምላሷ ምንም አልሆነም» አለችው። «እናቷን እየጠበቀች ነው። አንተ ትመጣለች ባልካት ቁጥር ዝም በይ እያልካት ነው።»

አባቴ እህቴን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነገራት። እናቷ እንደሞተች፣ የት እንደተቀበረች፣ ከእንግዲህ እንደማትመጣ፣ ሳያለባብስ ነገራት። እሷ ቀና ብላ ፊቱን አየች።

«እንግዲያ ብናገር እማዬ አትቆጣኝም?» አለች። ድምፅዋ ሻክሮ የሌላ ሰው ይመስላል።

«አትቆጣሽም፣ የኔ ልጅ» አለቻት አክስቴ።

ዛሬ እህቴ ባለ ትዳር ናት፤ ታወራለች፣ ትስቃለችም። እኔን ግን እነዚያ ወራት አልለቀቁኝም። በመካከላችን ተቀምጣ በሩን ስትጠብቅ፣ እኛ ካንዱ ወዳንዱ ስንጎትታት ይታየኛል።

አባቴ ለእህቴ መርዶውን በነገራት ሳምንት ለእናቴ ለቅሶ ተቀመጥን። መሰብሰብ ክልክል ስለነበር ጎረቤቶች አንድ ሁለት እያሉ በጓሮ ይገቡና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ። እህቴ ብቻ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። የጣሊያን ባንዳዎች በመንገዱ ያልፉ ነበር፤ ማንም ግን ቀስ በይ አላላትም።